ከሳጥኑ የተረፈችው ልብስ ሰፊ

ይድረስ ለክቡር የተዘዋዋሪው የጀማሪ ሠዓሊያን ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤ ይኸውም ከአንዱ ከተማ ምርቃት ወደ ሌላው ከተማ ምርቃት በሚወስደው መንገድ ላይ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እጅዎ ሪባን ለመቁረጥ፣ ድምፅዎ ንግግር ለማንበብ፣ ጀርባዎም የፊተኛውን ረድፍ ወንበር ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት የሚያስፈልገውን ብርታት ሁሉ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ዕድሜ ካመጣብኝ የጉልበት ቁርጥማትና ዕድሜ ካልነጠቀኝ የማጉረምረም አመል በቀር፣ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። በደንቡ መሠረት በመዝገብ ቤትዎ በኩል ላስገባ ሞክሬ ነበር፤ ሆኖም የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቤቱታ ከአንድ ገጽ በላይ ሲሆን አቃፊው ውስጥ እንደማይገባ በትሕትና ገልጾ፣ «አሳጥረው ይምጡ» ብሎ መለሰኝ። ለማሳጠር በጽሕፈት ቤታችሁ ያለውን ችሎታ ቀደም ብዬ በዓይኔ ስላየሁ፣ ከቤተሰባችን እስካሁን የተቆረጠው ይበቃል ብዬ ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣ ልወስደው ወሰንሁ።

ክቡርነትዎ ማን እንደ ሆንሁ ላያስታውሱ ይችላሉ። በከተማችን በተደረገው ምርቃት ከእርስዎ በስተቀኝ በኩል ተቀምጦ፣ በንግግርዎ መሐል በትሩን እየጣለ ያስደነገጠዎት ሽማግሌ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በማስተማርና መጻሕፍት በመጻፍ ፈጅቼዋለሁ፤ ከመጻሕፍቴም አንዱ ዛሬ በጎረቤቴ ቤት የሚወላገድ ጠረጴዛ ደግፎ ስለሚያቆም፣ ሥራዬ ለሕዝብ አልጠቀመም ለማለት አይቻልም። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ይህ አይደለም፤ ሥዕላቸው በዐውደ ርእይዎ ከተሰቀለላቸው ጀማሪዎች የአንዲቱ አያት በመሆኔ ነው።

የልጅ ልጄ ባለፈው ዓመት ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቃለች። እናቷ፣ ይኸውም የእኔ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ናት። ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የተማሪና የነርስ የደንብ ልብስ ይሰፋሉ። ልጄ የምትቀመጠው ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም የእርሷ ድርሻ ስለሆነ፣ ይህም ብርሃን ስለሚፈልግ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጅቱን ያሳደገችው በዚያ ጫፍ ተቀምጣ ነው። ለቀለምና ለሸራ እጇ አጥሮ አያውቅም፤ ሥዕል ሥራ ነው ብላ ግን አንድም ቀን አምና አታውቅም። ሰዎች «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት፣ «ትስላለች» ትልና፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ «ይሻላታል» ብላ ትጨምርበታለች፤ ይህ ቀልድ ያንን ስፌት ቤት ዓመታት አስቆታል።

ልጅቱ ለቀልዱ የሰጠችው መልስ አንድ ሥዕል ነበር። ጠረጴዛውን እንዳለ ከዳር እስከ ዳር፣ ሴቶቹን በየቦታቸው፣ እንደ ጠረጴዛው ረጅምና ቀጭን በሆነ ሸራ ላይ አሰፈረችው፤ ስሙንም «ስድስቱ» አለችው። ለእናቷ አላሳየቻትም። በትምህርት ቤቷ በኩል ለኮሚቴዎ አስረክባ፣ ዐውደ ርእዩ ወደ ከተማችን እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀች። ምኞቷ እናቷ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ገብታ፣ ራሷን በግድግዳ ላይ፣ በክፈፍ ውስጥ፣ በብርሃን ሥር እንድታይ ነበር። ክቡርነትዎ ዐውደ ርእዩ ጀማሪዎችን ለመደገፍ መዘጋጀቱን በንግግርዎ ደጋግመው አስረድተውናል፤ ይህቺ ጀማሪ የፈለገችው ድጋፍ ይኸው ብቻ ነበር፤ እናቷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አይታ፣ «አሃ፣ ለካ ይህ ነው የምትሠሪው!» እንድትላት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን፣ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ምስጋና እያቀረብሁ፣ በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ወንበሮቹ አመሰግናለሁ። እኔ ወጣት ሳለሁ ዐውደ ርእይ ማለት አንድ ግድግዳ፣ ጥቂት ምስማርና ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ላቡን የሚጠርግ ሠዓሊ ማለት ነበር፤ ወንበር ስላልነበረም ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ሥዕሉን ለማየት ይገደድ ነበር። ኮሚቴዎ ከዚህ እንግልት ገላግሎናል። ለስላሳዎቹ ወንበሮች መድረኩን ፊት፣ ሥዕሎቹን ጀርባ ሰጥተው ስለ ተደረደሩ፣ ምርቃቱ እስኪፈጸም ድረስ ማናችንም በሥዕል አልታወክንም። በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ደግሞ በወፍራም ሸራ ላይ በደማቅ ቀይ ቀለም የተጻፈ ምልክት ታስሮ ነበር፤ «ለክቡር ሰብሳቢ የተያዘ»፣ «ለምክትል ሰብሳቢ የተያዘ»፣ የድምፅ ማጉያውን ላዋሱት ነጋዴ ሳይቀር የተያዘ። አስተባባሪዎ፣ ወረቀት ቢሆን በአንድ ከተማ እንደሚቀደድ፣ ሸራው ግን የጉዞውን ዘመን ሁሉ እንደሚያገለግል በኩራት አጫወተኝ። የእኔ ወንበር «ለጥበብ አባት የተያዘ» ይል ነበር። ሽማግሌ ሲያሞካሹት ልጅ ይሆናልና፣ ሰው ሲበተን ምልክቱን ፈትቼ ለመታሰቢያ ወደ ቤቴ ወስጄዋለሁ፤ በየከተማው የጥበብ አባት ስለማይጠፋ ሌላ ማጻፍ አያስቸግራችሁም ብዬ ነው። ሠዓሊያኑን በተመለከተ፣ ከኋላ እንዲቆሙ መደረጉ ተገቢ ነበር፤ ወጣቶች ናቸው፣ እግራቸው አይደክምም፤ ስማቸውም ስላልተጠራ አቤት ለማለት ድምፃቸውን አላባከኑም።

፪ኛ፤ ስለ ሳጥኖቹ አመሰግናለሁ። በቀድሞው ኋላ ቀር ልማድ በመጀመሪያ ሥዕል ይመረጥ፣ ቀጥሎ ይለካ፣ ከዚያ በኋላ ሳጥንና ክፈፍ ይሠራለት ነበር። ኮሚቴዎ ግን የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ስብሰባ ተቀምጦ፣ ሥዕሎቹ ከመመረጣቸው፣ እንዲያውም ግማሾቹ ከመሣላቸው በፊት፣ ሳጥኖቹንና ክፈፎቹን ሁሉ በአንድ ልክ አሠርቶ አጸደቀ። ያልተሠራ ሥዕል ማጽደቅ እንደማይቻልና የተሠራ ሳጥን ግን ማጽደቅ እንደሚቻል የተገነዘበ ኮሚቴ መሆኑን ሳስብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ቆዳ ተወደደ ቢሉት በሬውን አረደ የሚባለው ሰው ዛሬ ቢኖር፣ በኮሚቴዎ ውስጥ ቦታ እንደማያጣ አልጠራጠርም።

ሥዕሎቹ ደርሰው ሳጥኑ አልበቃ ሲላቸው ተቆረጡ። ከልኩ ያነሱትን መሳብ ባለመቻላችሁ ማዘናችሁንም ሰምቻለሁ። ደረጃ ሲወጣ የተሣለው ሽማግሌ ደረጃው ከሥሩ ተነሥቶበት ዛሬ በአየር ላይ ይራመዳል፤ አንዲት ልጅ የሣለችው ፈረስ ጭራውን ጥሎ በመሄዱ ዝንብ እንኳ ቢያርፍበት ረዳት የለውም፤ የአንዱ ወጣት ትልቅ የባሕር ሥዕል ባሕሩ ተቆርጦለት ሰማዩ ብቻ ቀርቷል፣ ርእሱ ግን እስከ ዛሬ «ማዕበል» ነው። ቢላው ለማንም አላዳላም፤ ይህ ሊነገርለት ይገባል።

ከልጅ ልጄ ሥዕል የተቆረጠው የቀኙ ጫፍ ነው። መስኮቱ፣ የጠረጴዛው መጨረሻ፣ እዚያም የተቀመጠችው ልጄ።

፫ኛ፤ ስለ አስጎብኚዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ያን ዕለት ከሥራ አስፈቅዳ፣ ለወንድሟ ሠርግ ሰፍታው የነበረውን ሰማያዊ ቀሚስ ከሣጥን አውጥታና ተኩሳ፣ አምስቱን ባልደረቦቿን አስከትላ መጣች። ምርቃቱ ሲያበቃ ሴቶቹ በሥዕሉ ፊት ተኮልኩለው እያንዳንዷ ራሷን ስታገኝ የነበረውን ጫጫታ ክቡርነትዎ ከፊተኛው ረድፍ ሰምተውት እንደ ሆነ አላውቅም። «ውይ! ሆዴን እንዲህ አድርጋ ትሣለው? ይቺ ልጅ ለካ አትወደኝም!» ስትል አንዷ፣ «ሆድሽንማ ቀንሳልሻለች፣ አመስግኛት» ስትል ሌላዋ፣ በመሐል ልጄ አንገቷን ዘርግታ ከግራ ወደ ቀኝ ስትመለከት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ፣ እኔ በትሬን ተደግፌ አያት ነበር።

በሥዕሉ ውስጥ አምስተኛዋ ሴት፣ ለእጇ ፍጥነት ባልደረቦቿ «ቶሎ ቶሎ» የሚሏት፣ እየሳቀች ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ መቀስ ታቀብላለች። መቀሱን የሚቀበሉ ሦስት ጣቶች አሉ፤ በአንደኛው ላይ መርፌ እንዳይወጋ የሚጠለቅ የብረት ቆብ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ክፈፉ ነው።

በዚህ ጊዜ አስጎብኚዎ፣ እጅግ የተማረና አንደበቱ የተባ ወጣት፣ እንግዶችን አስከትሎ ደረሰ። «ልብ በሉ፣ ርእሱ ‹ስድስቱ› ነው፤ እኛ የምናየው ግን አምስት ነው» አለ። «ስድስተኛዋ የት አለች? ሠዓሊዋ የምትለን ይህንን ነው፤ ስድስተኛዋ አለመኖር ራሱ ናት! ስድስተኛዋ እኛ ተመልካቾቹ ነን!» እንግዶቹ በመደነቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ ሰው መሐል ድምፅ የማሰማት ልማድ የላትም፤ ሆኖም ጠጋ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ይቺ ጣት እኮ የኔ ናት» አለችው። ወጣቱ ፊቱ በደስታ በራ። «ልክ ብለዋል እናቴ! የሁላችንም ናት!» ብሏት ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። እኔ ዘመኔን በሙሉ ሒስ ሳነብ ኖሬ፣ የሰውን ጣት ከባለቤቱ ላይ ወስዶ ለሕዝብ ያከፋፈለ ሒስ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ ዝምታ የማትወድ ሴት ናትና፣ «አንቺ የፈረደብሽ! ቁልፍ ስትተክዪ አምሽተሽ፣ ሥዕሉ ላይም ቀሪ ተባልሽ!» አለቻት። ሁሉም ሳቁ፤ ልጄም ሳቀች። አባት ነኝና ከሳቆቿ የትኛው ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ያኛው ከአፏ ብቻ ነበር። ልጅቱ ሥዕሏ መቆረጡን ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከኋላ ቆማ፣ በሰው ትከሻ መካከል አሻግራ ስታይ። እናቷ ወደ በሩ ስትወጣ ክንዷን ይዛት፣ «ግድ የለም የኔ እናት፤ እኔ ድሮም ጫፍ ላይ ነው የምቀመጠው» አለቻት። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት ከፊተኛው ረድፍ ሳይነሡ ለጋዜጠኞች ስለ ጥበብ ኃያልነት እየተናገሩ ስለ ነበር፣ ይህችን አጭር ንግግር እንዳያመልጥዎ እዚህ ላይ አስፍሬያታለሁ።

፬ኛ፤ ስለ አስተባባሪዎ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ እኔና ልጅቱ ወደ አዳራሹ ጽሕፈት ቤት በሄድን ጊዜ፣ ቁልፍ ከወገቡ ያንጠለጠለው ይህ ትሑት ሰው ወንበር ስቦ፣ ውሃ ቀድቶ ተቀበለን። «እህቴ፣ ሥዕሉ እኮ አልተቆረጠም፤ ተስተካከለ እንጂ» አላት። «ሳጥኑን ማስተካከል አይቻልም ነበር?» ብትለው፣ ሰው ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲያፏጭ የሰማ ያህል ደነገጠ። «ሳጥኑ እኮ ጸድቋል!» አላት። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ «እሺ፣ የሆነው ሆኗል፤ ቁራጩ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አባባ፣ ቁራጩ በንብረትነት አልተመዘገበም» አለኝ፤ «ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ አልጠፋም።» «ካልጠፋ ስጡና!» ብዬ ብጠይቀው፣ «ያልተመዘገበ ነገር ወጪ ሆኖ አይሰጥም» አለኝ። ጠቢባን ስለ መኖርና ስላለመኖር ብዙ ጽፈዋል፤ ግን ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር የዘጋ ከአስተባባሪዎ በቀር አላጋጠመኝም።

ባዶ እጃችንን እንዳይሰደንም ለልጅቱ የምስጋና ምስክር ወረቀት አበረከተላት። ወረቀቱ እንደ ጣውላ የጠነከረ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ያጌጠ፣ ከግርጌውም የክቡርነትዎ ፊርማ ተንጣልሎ የተኛበት ነው። የሠዓሊዋ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል፤ ይህም ወረቀቱ ለማንም እንዲያገለግል ታስቦ መሆኑን ስለ ተረዳሁ አላስቀየመኝም።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቀረውን በቁጥር ማስቀመጥ አቅቶኛል።

ልጅቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩሽ አልያዘችም። የሥዕል ማቆሚያዋን አጣጥፋ ከአልጋዬ ሥር አስገባችው፤ ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ጋር ወደ ስፌት ቤቱ ትወጣለች፣ እዚያም ኮሌታ ትተኩሳለች። ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ሥዕል እንድታቀርብ ትምህርት ቤቷ ሲጠይቃት መልስ አልሰጠችም። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «አባባ፣ ሸራ ከመወጠር ኮሌታ መተኮስ ይሻላል፤ ኮሌታ ቢያንስ ለሚለብሰው ሰው አንገት ተለክቶ ነው የሚቆረጠው» አለችኝ። ልጄም የዱሮውን ቀልድ ትታለች። ሰዎች «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት፣ «አብራኝ ናት» ትላለች፤ ያኔ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የሚስቅ የለም። ስለዚህ ልጅቱ ተሽሏታል ማለት ነው። ዐውደ ርእይዎ አንዲትን ጀማሪ ከጥበብ እንዲህ ፈጥኖ ማዳኑ ያስመሰግነዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

በልጄ ሙያ፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ደንበኛ ጨርቅ አምጥቶ ልብስ ካሰፋ፣ ልብሱን ሲረከብ የተረፈው ቁራጭ ተጠቅልሎ አብሮ ይሰጠዋል፤ የእጅ መዳፍ ብታክል እንኳ። ቁራጩ ለምን እንደሚጠቅመው ሰፊዋ አትጠይቅም፤ ጨርቁ የእርሱ ነውና። ቁራጭ ያስቀረች ሰፊ፣ ስፌቷ የቱን ያህል ቢያምር፣ ሁለተኛ ጨርቅ የሚያምናት የለም። ከእርስዎ የምለምነው ይህንኑ ነው። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ እንዲሉም አላስቸግርዎትም፤ ሳጥኑ የጸደቀውን ያህል ይቅርታው እስኪጸድቅ የእኔ ዕድሜ አይጠብቅም። ዐውደ ርእዩ በመኪና ተጭኖ ከከተማችን ከመውጣቱ በፊት፣ ያቺን ጠባብ የሸራ ቁራጭ ፈልጋችሁ መልሱልን። አንዲት እናት ራሷን ለማየት ለብሳና ተኩሳ መጥታ ሳታገኝ ተመልሳለችና፣ አንዲት ልጅም የምታውቀውን ሥራ አልጋ ሥር ከትታለችና፣ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ሌላ ነገር እኔ አላውቅም።

በሚያልፉባቸው ከተሞች ሁሉ በሮቹ ለቁመናዎ፣ ጭብጨባዎቹም ለንግግሮችዎ ልክ እንዲሆኑልዎ፣ ማንም «ተስተካክለው ይምጡ» እንዳይልዎ እየተመኘሁ፣ ከማንኛውም የጸደቀ ሳጥን ከሚተርፍ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞ መምህር፣ አልፎ አልፎ ደራሲ፣ ሁልጊዜ የሠዓሊዋ አያት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ወደ ጋዜጣው ከመውሰዴ በፊት አንድ ነገር ስለ ተገኘ፣ ክቡርነትዎ ቁራጩን በመፈለግ እንዳይደክሙ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። ከመጻፊያ ጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልሁትን «ለጥበብ አባት የተያዘ» የሚለውን ምልክት አቧራውን ላራግፍ ባወርደው፣ በጀርባው የፈረስ ጭራ አየሁ።

በትሬን ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድሁ። ዘበኛው «አባባ፣ ምን ረስተው ነው?» ቢለኝ፣ «አንድ ሰው» ብየው ገባሁ። ወንበሮቹ እንደ ተደረደሩ ነበሩ። በምክትልዎ ምልክት ጀርባ ማዕበሉ፣ በነጋዴው ጀርባ የሽማግሌው ደረጃ ነበረ። የክቡርነትዎን ምልክት ስገለብጥ መስኮቱን አገኘሁት፤ ከመስኮቱም ሥር ልጄን፣ አንገቷን ደፍታ፣ ክር በጥርሷ ይዛ፣ አንድ እጇን ወደ መቀሱ ዘርግታ። በዚያ ምርቃት ዕለት፣ ስለ ጀማሪዎች ድጋፍ ከመናገርዎ በፊትም ከተናገሩም በኋላ፣ ክቡርነትዎ ተደግፈው የተቀመጡት በልጄ ፊት ላይ ነበር፤ እርሷም እንደ ልማዷ ምንም አላለችም። ስለዚህ ድጋፍ መኖሩ እውነት ነው፤ የተምታታው ማን ማንን እንደ ደገፈ ብቻ ነው።

ምልክቶቹን ሁሉ ፈትቼ ወስጃለሁ፤ የሌሎቹን ጀማሪዎች ለየባለቤቶቻቸው እንዲደርስ ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። ያልተመዘገበ ነገር ስለማይጠፋ፣ አይሰረቅም ብዬ አምናለሁ።

የእኛን ወደ ስፌት ቤቱ ወሰድሁት። ልጄ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። መጀመሪያ «ለካ ከፊት ረድፍ ነበርኩ!» ብላ ሳቀች፤ ቶሎ ቶሎም «ያውም ሰብሳቢውን አዝለሽ!» አለቻት። ከዚያ ሳቋ ቆመና ወደ ልጅቱ ዞራ፣ «ይህን ሁሉ ስታዪኝ ነው የኖርሽው?» አለቻት። እናቷ ካውያውን ከእጇ ተቀብላ፣ «በይ ተነሺ፤ ኮሌታው ይቆይ» አለቻት። ማቆሚያው ከአልጋዬ ሥር ወጥቷል፤ ቁራጩ ከአዲስ ሸራ ጋር ተሰፍቶ ሌላ ጠረጴዛ ተጀምሮበታል፤ ስፌቱ ይታያል፣ ልጄም ይታይ ብላለች። ትናንት አንዲት ደንበኛ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ብትላት «ትስላለች» አለች፤ «ይሻላታል» ግን አላለችም።

በመጨረሻም፣ በሚቀጥለው ከተማ ወንበርዎ ያለ ምልክት ቀርቶ ክቡርነትዎ ከሠዓሊያኑ ጋር ቆመው እንዳይገኙ ስለ ሰጋሁ፣ «ለክቡር ሰብሳቢ የተያዘ» የሚል አዲስ ምልክት በራሴ እጅ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በሠዓሊዋ ፈቃድ የተሠራው ከዚያ ከጠንካራው የምስጋና ምስክር ወረቀት ነው። ወደ ወንበሩ ልክ ሳስተካክለው የክቡርነትዎ ፊርማ ከልኩ ውጪ ሆኖ ስለ ተገኘ ለመቁረጥ ተገድጃለሁ፤ ነገር ግን በቤታችን ልማድ መሠረት ቁራጩን ጠቅልዬ አብሬ መልሻለሁ።